መብራትና ራዲዮ፤ የአንድ የቆየ ጉርብትና ታሪክ

በሰው እጅ ተፈጥሮ በሰው መሣሪያ የተያዘው የመጀመሪያው የራዲዮ ሞገድ ከኤሌክትሪክ ብልጭታ የወጣ ነበር። ሃይንሪሽ ሄርትዝ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1887 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በካርልስሩህ ከተማ ባለው ቤተ ሙከራው ውስጥ በሁለት የብረት ኳሶች መካከል ብልጭታ ሲያስነሣ፣ ከዚያ ርቆ በተቀመጠ የሽቦ ቀለበት ክፍተት ላይ ሌላ እጅግ ደቃቅ ብልጭታ ብቅ አለ። በሁለቱ መካከል የሚያገናኝ ሽቦ አልነበረም። ከዚህ ግኝት በኋላ ለብዙ ዓመታት መርከብ ከመርከብ፣ ክፍለ ዓለም ከክፍለ ዓለም መልእክት የተለዋወጠው በብልጭታ ማሠራጫ ነው። እንግዲህ ዛሬ በአንድ ቤት ውስጥ አምፖል ሲበራ ከራዲዮው የሚሰማው የንብ ቀፎ የመሰለ ጩኸት ለራዲዮ ባዕድ ነገር አይደለም፤ የገዛ አባቱ ድምፅ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የመብራትና የማሠራጫ ዝምድና ከዚህም የቀረበ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማለቂያ የለንደን አውራ መንገዶች የሚበሩት በካርቦን አርክ መብራት ሲሆን፣ መብራቶቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፏጩና ሲያጓሩ ያድሩ ነበር። ዊልያም ደድል የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ይህን ጩኸት ሲመረምር ሳለ ከአርኩ ጋር ጥቅል ሽቦና ካፓሲተር ቢያያይዝ፣ መብራቱ ዝም በማለት ፈንታ አንድ የጠራ ዜማ ማሰማት ጀመረ። የካፓሲተሩን መጠን በለወጠ ቁጥር ዜማው ከፍና ዝቅ ይል ነበር። በ1903 ደግሞ ዴንማርካዊው ቫልደማር ፖልሰን የዚያኑ አርክ ንዝረት ከጆሮ ክልል በላይ እጅግ አድርጎ ከፍ በማድረግ የራዲዮ ማሠራጫ አደረገው። የመንገድ መብራት የነበረው ዕቃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ውቅያኖስ የሚሻገር ድምፅ ሆነ ማለት ነው። መሠረታዊው ነገር ያው ነው፤ የኤሌክትሪክ ፍሰት በድንገት ሲቆረጥና በድንገት ሲቀጠል፣ ያ ፍሰት በሚያልፍበት ሽቦ ሁሉ ዙሪያ ሞገድ ይነሣል።

ሕግ ዘግይቶ ቢመጣም መምጣቱ አልቀረም። የጀርመን መንግሥት በ1892 ባወጣው የቴሌግራፍ ሕግ የኤሌክትሪክ መስመሮች እርስ በርስ እንዳይበጣበጡ ደንግጎ ነበር። በ1927 በዋሺንግተን የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የራዲዮቴሌግራፍ ጉባኤ ደግሞ የብልጭታ ማሠራጫዎች በየደረጃው ከአገልግሎት እንዲወጡ ወሰነ፤ ምክንያቱም አንዱ የብልጭታ ማሠራጫ ሲሠራ በዙሪያው ያለውን የሞገድ ክልል ሁሉ ይይዘው ነበርና። ጉባኤው ፈቃድ ተሰጥቷቸው የሚያሠራጩትን ከለከለ። ሳይፈቀድላቸውና ሳያውቁት የሚያሠራጩት ግን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሞተሩ፣ የትራሙ መስመር፣ የሐኪም ቤቱ መሣሪያና የማብሪያ ማጥፊያው፣ እንደነበሩ ቀሩ።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓ ከተሞች ራዲዮ የሌለበት መኖሪያ ቤት እየተመናመነ ሲሄድ ከአድማጮች የሚመጣው አቤቱታ በረከተ። በ1933 ጉዳዩ የሚመለከታቸው ድርጅቶች በፓሪስ ተሰብስበው መከሩ፤ በሰኔ 1934 ደግሞ በዚያው በፓሪስ ሲስፕር በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የራዲዮ ረብሻ ዓለም አቀፍ ልዩ ኮሚቴ የመጀመሪያ ጉባኤውን አደረገ። ኮሚቴው የተቋቋመው በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ሥር ነው። ነገሩ ዓለም አቀፍ መልክ የያዘበት ምክንያት ለሞገዱ ድንበር ታስቦለት ብቻ አልነበረም፤ አንዱ አገር የሠራውን የቤት ዕቃ ሌላው አገር «ራዲዮዬን ይረብሻል» እያለ ከበሩ ቢመልሰው ንግዱ ይሰናከል ነበርና ነው። ስለሆነም ሁለት ጥያቄዎች በአንድነት ቀረቡ። ረብሻ በምን ይለካል? እስከ ስንት ድረስስ ይፈቀዳል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ የተሰጠው መልስ በመሐንዲስነት ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባሉ ከሚገባቸው መልሶች አንዱ ነው። የራዲዮ ረብሻ እንደ ቮልቴጅ ወይም እንደ ሙቀት በራሱ የቆመ መጠን ብቻ አይደለም፤ የሚያደምጥ ሰው ከሌለ ረብሻ የሚባል ነገር የለም። በደቂቃ አንድ ጊዜ ጠቅ የሚል ድምፅ የቱንም ያህል ቢበረታ አድማጩ ይታገሠዋል። በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚደጋገም ግን ዝቅተኛም ቢሆን ንግግሩን ይሸፍንበታል። ጠበብቱ ስለዚህ መለኪያውን በሰው ጆሮ ትዕግሥት ልክ ቀረጹት። የመለኪያው ንባብ ብልጭታው ሲመጣ ፈጥኖ ይወጣል፣ ሲያልፍ ግን ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ከ150 ኪሎሄርዝ እስከ 30 ሜጋሄርዝ ላለው ክልል የተደነገገው የመውጫው ጊዜ 1 ሚሊሴኮንድ ሲሆን የመውረጃው 160 ሚሊሴኮንድ ነው። ንባቡ ወርዶ ሳያበቃ ሌላ ብልጭታ ከደረሰ እየተደራረበ ይወጣል፣ ቶሎ ቶሎ ካልመጣ ግን ዝቅ ብሎ ይቀራል። የመለኪያው የሞገድ ስፋት 9 ኪሎሄርዝ የሆነውም የአንድ ተራ የመካከለኛ ሞገድ መቀበያ ስፋት በዚያው አካባቢ በመሆኑ ነው። ይህ የአድማጭ ጆሮ ምሳሌ የሆነ መለኪያ ዛሬም ከአገልግሎት አልወጣም።

ለሁለተኛው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ግን ድርድር ነበር፤ ድርድርነቱም እስከ ዛሬ ይታይበታል። የተፈለገው ረብሻው ጨርሶ እንዲጠፋ አይደለም። ለአንድ አካባቢ ሕዝብ ተብሎ የተሠራጨ፣ በቂ ጉልበት ያለው ዝግጅት ያለ ችግር እንዲደመጥ የሚያስፈልገው ጸጥታ ተሰልቶ ወሰኑ ከዚያ ተቆረጠ። ከሩቅ አገር ተዳክሞ የሚመጣውን ጣቢያ የሚከታተል አድማጭ በስሌቱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም ማለት ይቻላል።

የሚያስገርመው በዚያ ዘመን ከተከሳሾቹ መካከል የቤት አምፖል ስሙ እምብዛም አለመጠራቱ ነው። ባለ ክሩ አምፖል የጋለ የተንግስተን ሽቦ እንጂ ሌላ አይደለም። የሚቆርጠው የለም፤ የሚቀጥለው የለም፤ ሽቦው ከበራበት ጊዜ አንሥቶ እስኪጠፋ ድረስ እንደ ምጣድ ይግላል። (አየር ተስቦ በወጣላቸው አንዳንድ የቆዩ አምፖሎች ውስጥ ከክሩ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች እየተወዛወዙ ከፍተኛ ሞገድ ያወጡ እንደነበርና፣ ቴሌቪዥን ሲስፋፋ የምስሉ መበላሸት ከየት እንደመጣ ግራ ያጋቡ እንደነበር የታወቀ ነው፤ ነገሩ ግን ከብርቅ የሚቆጠር ነው።) ይህ አምፖል ከሚበላው የኤሌክትሪክ ኃይል ከመቶ 90 እጅ የሚበልጠውን ወደ ሙቀት የሚለውጥ አባካኝ ዕቃ ነበር። ለራዲዮ ግን ከእርሱ የተሻለ ጎረቤት እስከ ዛሬ አልተገኘም። በ1935 በአዲስ አበባ የራዲዮ ሥርጭት ሲጀመርም ሆነ፣ የብሥራተ ወንጌል ጣቢያ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት በሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች በ1963 ሥራውን ሲከፍት፣ አምፖል በገባበት ቤት ሁሉ የነበረው ይኸው ዝምተኛ አምፖል ነው።

ጸጥታው መደፍረስ የጀመረው በ1938 ለገበያ በቀረበው የፍሎረሰንት መብራት ነው። በዚህ መብራት ውስጥ ብርሃኑን የሚያስነሣው በመስታወቱ ቱቦ ውስጥ ባለው ጋዝ በኩል የሚያልፈው ፍሰት ሲሆን፣ መስመሩ 50 ሄርዝ በመሆኑ ፍሰቱ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 100 ጊዜ ቆሞ 100 ጊዜ ይነሣል። እያንዳንዱ መነሣት አንድ ትንሽ የሄርትዝ ብልጭታ ነው። ከተራው አምፖል ሦስትና አራት እጅ የተሻለ ቆጣቢ ሆኖ የመጣው መብራት የመካከለኛ ሞገድን አድማጭ የሚያውክ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ ግን ብዙም አላስቸገረም፤ በስታርተሩ ቆርቆሮ ውስጥ 6 ናኖፋራድ ገደማ የሆነች አንዲት ትንሽ ካፓሲተር ማስገባት በቂ ሆነ።

የዚህችን ካፓሲተር ዕድል ልብ ብሎ ለተመለከተው የኋላው ታሪክ ሁሉ በእርሷ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። መብራቱ ያለ እርሷ ይበራል፤ ብርሃኑ አያንስም፤ ዕድሜውም እዚህ ግባ በሚባል ሁኔታ አያጥርም። እንዲያውም ካፓሲተሯ ተበላሽታ ውስጥ ለውስጥ የተገናኘች እንደሆነ የቱቦው ጫፍና ጫፍ ቀልቶ መሀሉ ሳይበራ ይቀራል፤ ልምድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛም ስታርተሩን ከፍቶ በጉጠት ቆርጦ ይጥላታል። መብራቱ ወዲያው ይበራል፤ ባለቤቱም አመስግኖ ይከፍላል። የሚጎዳው ከግድግዳው ባሻገር ተቀምጦ ዜና የሚያዳምጠው ሰው ነው፤ እርሱም ጉዳቱ ከየት እንደመጣበት አያውቅም። ረብሻን የሚያስቀረው አካል ለገዢው ምንም የሚታይ ጥቅም ስለማይሰጥ፣ ዋጋ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቆረጠው እርሱ ነው። ኋላ የመጡት መብራቶች ሁሉ ከዚህ ደንብ አልወጡም።

ከ1957 በኋላ ታይሪስተር የተባለው ሴሚኮንዳክተር ሲገኝ የመብራትን ድምቀት የሚቀንሰውና የሚጨምረው ዲመር በየሳሎኑ ግድግዳ ላይ ገባ። ዲመር የመስመሩን ሞገድ በየግማሹ ከመካከሉ ይቆርጠዋል። ከዲመሩ ጋር ጥቅል ሽቦ ካልተጨመረበት በስተቀር ራዲዮ በዚያ ክፍል ውስጥ አይደመጥም። ይኸው ነው፤ ስለዚህ ዕቃ ከዚህ የረዘመ ነገር ማለት አያስፈልግም።

በ1973 የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሲያሻቅብ መንግሥታትና ኩባንያዎች ፊታቸውን ወደ ቁጠባ አዞሩ። ፍሎረሰንቱን ቱቦ አጥፎና አሳጥሮ በተራው አምፖል መያዣ ላይ የሚገባ ማድረግ የዚያ ዘመን ምኞት ነበር። ፊሊፕስ በ1980 ያወጣው የዚህ ዓይነት አምፖል ባላስቱን በሆዱ የያዘ፣ በእጅ ሲይዙት የሚከብድ ዕቃ ነበር። ክብደቱ የቀለለው በ1985 ኦስራም ባላስቱን ኤሌክትሮኒክ ሲያደርገው ነው። በዚህ ዓይነት አምፖል ውስጥ ሁለት ትራንዚስተሮች ፍሰቱን በሴኮንድ ከ25,000 እስከ 50,000 ጊዜ ያህል እየቆረጡ ያመላልሱታል። ቱቦው በዚህ ፍጥነት ሲነዳ የበለጠ ብርሃን ይሰጣል፣ መርገብገቡም ይጠፋል። ነገር ግን ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ አምፖል በአንገቱ ውስጥ አንድ ትንሽ የሞገድ ማመንጫ የተሸከመ ሆነ። የቴሌቪዥን ርቀት መቆጣጠሪያዎች የሚሠሩበት የ36 ኪሎሄርዝ ምልክት በዚያው ክልል ውስጥ ስለሚገኝ፣ አምፖሉ ሲበራ መቆጣጠሪያው እንቢ የሚልበት ጊዜም ነበር።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ በግልጽ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። በ2009 የኤሌክትሪክ ኃይል እጥረት በጠናበትና መብራት በፈረቃ በሚሰጥበት ወቅት የባለ ክር አምፖሎችን በኃይል ቆጣቢ አምፖል የመተካት ዘመቻ ተጀመረ፤ በመጀመሪያውም ዙር 350,000 አምፖሎች በነጻ ታደሉ። የሒሳቡ ቀናነት አያጠያይቅም። 60 ዋት የሚበላ አምፖል ወርዶ 11 ዋት የሚበላ ሲሰቀል ከእያንዳንዱ ቤት ጣሪያ ሥር 49 ዋት ይተርፋል፤ የሚተርፈውም ጭነቱ ከሁሉ በሚከብድበት በምሽቱ ሰዓት ነው። ኃይል ማመንጫ ሠርቶ ያንኑ ያህል ለማግኘት ዓመታት ይጠይቃል። ይሁንና የምሽቱ ሰዓት የአጭር ሞገድ ራዲዮ የሚደመጥበትም ሰዓት ነው። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ዝግጅት በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ በ1982 ከተጀመሩ ወዲህ የሥራ ሰዓት ካለቀ በኋላ አንቴናውን ስቦ ወደ መስኮት የሚጠጋው አድማጭ ቁጥሩ ቀላል አልነበረም። የቁጠባው ሒሳብ ሲሠራ የዚህ አድማጭ ጆሮ በየትኛው ዓምድ ይመዝገብ የሚል ጥያቄ በየትኛውም አገር አልተለመደም።

ኤልኢዲ በመባል የሚታወቀው ብርሃን ሰጪ ዲዮድ የዚህ ሰንሰለት መጨረሻ ነው። ኒክ ሆሎንያክ በ1962 ለዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ዲዮድ አሳየ። ነጭ ብርሃን ለማግኘት የግድ የሚያስፈልገው ሰማያዊው ዲዮድ ግን ከ30 ዓመት በላይ አስጠበቀ። ሹጂ ናካሙራ በ1993 ደማቁን ሰማያዊ ዲዮድ በጃፓን ይፋ አደረገ፤ እርሱና ከእርሱ ቀድመው መንገዱን የጠረጉት ኢሳሙ አካሳኪና ሂሮሺ አማኖ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2009 ጀምሮ ባለ ክር አምፖሎችን ደረጃ በደረጃ ከገበያ ሲያስወጣ ለአዲሱ መብራት በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

በዚህ ስፍራ አንድ በሰፊው የሚነገር ስሕተት መታረም አለበት። ብርሃን የሚሰጠው ዲዮድ ራሱ ፍጹም ዝምተኛ ነው። በባትሪና በአንዲት ሬዚስተር የሚበራ ኤልኢዲ ከተራው አምፖል የተለየ አንዳች ድምፅ በራዲዮ ላይ አያሰማም። ጩኸቱ የሚመጣው የመስመሩን 220 ቮልት ዲዮዱ ወደሚፈልገው ዝቅተኛና የተስተካከለ ፍሰት ከሚለውጠው ክፍል ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ መስመሩ በመጀመሪያ ተቃንቶ 310 ቮልት ያህል ቀጥተኛ ፍሰት ይሆናል፤ ከዚያም አንድ ትራንዚስተር ይህን ቮልቴጅ በሴኮንድ በብዙ አሥር ሺህ ጊዜ እየዘጋ ይከፍተዋል። ሙቀት እንዳይበዛበት መክፈቱም መዝጋቱም ጥድፊያ የተሞላበት መሆን አለበት፤ 310 ቮልት ከአንድ ሴኮንድ ሚሊዮንኛ እጅግ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይነሣል፣ ይወድቃልም። ፍጥነቱ በጨመረ መጠን የብክነቱ ልክ ይቀንሳል፤ የዚያኑ ያህል ግን የሚወጣው ሞገድ ወደ ላይ እየተዘረጋ መካከለኛውን ሞገድ አልፎ አጭሩን፣ አጭሩንም አልፎ ኤፍኤሙን ይደርሳል። ቁጠባውና ረብሻው ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው።

አምፖሉ ራሱ ትንሽ ስለሆነ በ1 ሜጋሄርዝ ላይ 300 ሜትር የሚረዝመውን ሞገድ ለብቻው ወደ አየር ሊለቅ አይችልም። የሚለቅለት የቤቱ ሽቦ ነው። በ10 ሜጋሄርዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት 30 ሜትር ነው፤ የዚህ ሩብ 7 ሜትር ተኩል ይሆናል። ይህ ከቆጣሪው ተነሥቶ በጣሪያው ላይ ዞሮ ወደ መኝታ ቤት የሚወርድ ሽቦ ርዝመት መሆኑን ቤት ሲሠራ ያየ ሁሉ ይፈርዳል። ሽቦው ሳይታሰብ አንቴና ሆኗል። ስለዚህ የሲስፕር የመብራት ደረጃ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው አምፖሉ ወደ መስመሩ መልሶ የሚልከውን ነው። ወሰኑ ከ0.5 እስከ 5 ሜጋሄርዝ ባለው ክልል 56 ዴሲቤል ማይክሮቮልት፣ ከ5 እስከ 30 ሜጋሄርዝ ባለው 60 ነው፤ በተራ ቁጥር ሲነገር የመጀመሪያው 630 ማይክሮቮልት ያህል፣ ሁለተኛው 1,000 ማይክሮቮልት ማለት ነው። ከሩቅ አገር የሚመጣ የአጭር ሞገድ ጣቢያ በአንቴና ጫፍ ላይ የሚያስቀምጠው ቮልቴጅ ብዙ ጊዜ በጥቂት አሥር ማይክሮቮልት የሚቆጠር ነው። እርግጥ ከመስመሩ ወደ አንቴናው እስኪደርስ ድረስ ረብሻው እጅግ ይዳከማል። ቢሆንም ደንቡን አሟልቶ የወጣ አምፖል እንኳ በአንድ ክፍል ውስጥ አብሮት ላለው ደካማ ጣቢያ ዋስትና እንዳልተሰጠው ከቁጥሮቹ መረዳት ይቻላል።

ደንቡ ሲታሰብ ደግሞ በአንድ ቤት ውስጥ የሚገኙት ረባሾች ጥቂት ነበሩ። የልብስ ስፌቱ ሞተር ወይም የፀጉር ማድረቂያው ለአንድ አፍታ ሠርቶ ይቆማል። ዛሬ በአንድ ቤት 10 አምፖል አለ፤ ሁሉም አምሽቶ ይበራል፤ የጎረቤቱም እንዲሁ። እኩል ጉልበት ያላቸውና እርስ በርሳቸው የማይተባበሩ 10 ምንጮች ሲደመሩ ረብሻው በ10 ዴሲቤል ከፍ ይላል። አንዱ ለብቻው ተለክቶ ያለፈበትን ፈተና አሥሩ በአንድነት ቢቀርቡ ላያልፉት ይችላሉ፤ በአንድነት የሚፈትናቸው ግን የለም።

ያም ሆኖ ከደንቡ ጉድለት ይልቅ ብዙ ጥፋት ያደረሰው ደንቡን አለማክበር ነው። በ2011 የአውሮፓ አገሮች የገበያ ተቆጣጣሪዎች ተባብረው የኤልኢዲ መብራቶችን ከየመደብሩ እየሰበሰቡ ሲመረምሩ፣ ከሦስት አንድ የሚበልጡት የረብሻውን ወሰን አልፈው ተገኙ። ሁሉም ሕጋዊ ምልክት ሊኖራቸው በሚገባ ገበያ የተገዙ ናቸው። የጎደላቸውም የተራቀቀ ነገር አልነበረም። በመስመሩ መግቢያ ላይ የሚቀመጥ ጥቅል ሽቦና አንድ ሁለት ካፓሲተር፣ ያቺው የስታርተሯ ካፓሲተር ዘመዶች ናቸው። በአምፖሉ አንገት ውስጥ ቦታ ይይዛሉ፣ ጥቂት ሳንቲም ያስወጣሉ፣ ብርሃን ግን አይጨምሩም።

«ርካሽ አምፖል ሁሉ ይረብሻል» የሚለው አነጋገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ከርካሾቹ ሁሉ ርካሽ የሆኑት አንዳንዶቹ ፈጣን መቆራረጫ ጨርሶ የላቸውም፤ ቮልቴጁን በአንድ ካፓሲተር ወይም በቀጥተኛ የፍሰት መቆጣጠሪያ ቺፕ ብቻ ይቀንሱታል። እነዚህ ይርገበገባሉ፣ ይግላሉ፣ ዕድሜያቸውም ላያኮራ ይችላል፤ በራዲዮ ላይ ግን እንደ ጥንቱ አምፖል ዝም ይላሉ። አደገኛው በመካከል ያለው ነው፤ ፈጣኑን መቆራረጫ ከነቅልጥፍናው ወስዶ ማጣሪያውን የተወ። የፀሐይ ኃይል ፋኖሶችም በዚሁ ሚዛን መታየት አለባቸው። በባትሪ መሥራታቸው ብቻ ከነቀፋ አያወጣቸውም፤ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ መቆራረጫ ያለባቸው ይረብሻሉ፣ የሌለባቸው አይረብሹም።

ነገሩ ከዜናና ከዘፈን አልፎ የሰው ሕይወት እንደሚነካ የታየው በባሕር ላይ ነው። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በነሐሴ 2018 ባወጣው የደኅንነት ማስጠንቀቂያ፣ በመርከቦች ላይ የሚተከሉ የኤልኢዲ መብራቶች የመርከቡን የቪኤችኤፍ ራዲዮና የመርከቦችን አቋም የሚያሳውቀውን መሣሪያ ሊያደነቁሩ እንደሚችሉ አስታወቀ። በአንድ ወደብ የሚገኝ የነፍስ አድን ማስተባበሪያ ማእከል አንድን መርከብ በራዲዮ ሊያገኘው ሳይችል መቅረቱንም ጠቀሰ።  በዚያው ዓመት የወጣው የሲስፕር የመብራት ደረጃ 9ኛ እትም ቀድሞ በ300 ሜጋሄርዝ ያቆም የነበረውን የጨረር ልኬት እስከ 1 ጊጋሄርዝ አደረሰው። የኤሌክትሮኒክ አምፖል በገበያ ከዋለ 33 ዓመት ሆኖት ነበር።

በኢትዮጵያ የሞገድ አጠቃቀምን የመቆጣጠር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2019 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ማሠራጫ የሚተክል ፈቃድ ይጠየቃል፤ አምፖል የሚያስገባ ነጋዴ ግን ማሠራጫ አስገባሁ ብሎ አያስብም፣ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀውም አይኖርም። አምፖል እንደ ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚመዘነው እንዳያቃጥልና ሰው እንዳይዝ ነው፤ እንደ ራዲዮ ጎረቤትም እንዲመዘን የሚያስፈልገው መሣሪያ በዓለም ገበያ የሚገኝ ነው። ሰው ሠራሽ የመስመር መረብ፣ የሲስፕር መለኪያ መቀበያና አንድ ጸጥ ያለ ክፍል አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ። ወደ አገር ከሚገባው ጭነት ናሙና ወስዶ መሞከር ሙሉ ላቦራቶሪ እስኪገነባ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም።

የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ለመርከበኞች የሰጠው መመሪያም መሣሪያ አይጠይቅም። መብራቱ ሁሉ ይጠፋል፤ ራዲዮው ጸጥ ባለ ቻናል ላይ ይደረጋል፤ የጸጥታ መቆጣጠሪያው ጩኸቱ ልክ እስኪቆም ድረስ ይስተካከላል፤ ከዚያ መብራቱ ይበራል። ጩኸቱ ከተመለሰ ጥፋተኛው መብራቱ ነው። በቤት ውስጥ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ራዲዮ በመካከለኛ ሞገድ ላይ ጣቢያ ወደሌለበት ቦታ ተወስዶ አምፖሎቹ አንድ በአንድ ቢበሩ፣ የሚረብሸው ተራው ሲደርስ በ100 ሄርዝ እየጮኸ ራሱን ያጋልጣል። ዕቃ ገዢውም ይህንኑ ራዲዮ ይዞ ሱቅ ቢገባ ነጋዴው አምፖሉን ሲሞክርለት እግረ መንገዱን ሁለተኛውን ሙከራ ሊያደርግ ይችላል።

አምፖሉን መለወጥ ላልቻለ አድማጭ የቀረው መፍትሔ ቦታ ነው። ለራዲዮው ቅርብ በሆነ ርቀት የረብሻው መግነጢሳዊ መስክ ከርቀቱ ኩብ ጋር ስለሚቀንስ፣ ከአምፖሉ 1 ሜትር ርቆ የተቀመጠን ራዲዮ ወደ 2 ሜትር ማራቅ መስኩን እስከ ስምንት እጅ ሊያሳንሰው ይችላል። ራዲዮውን ከሶኬት ነቅሎ በባትሪ መክፈትም በመስመሩ በኩል በቀጥታ የሚገባውን ያስቀራል። በመካከለኛ ሞገድ ላይ ደግሞ የትራንዚስተር ራዲዮ አንቴና በውስጡ የተጋደመ የፌራይት ዘንግ ስለሆነ፣ ራዲዮውን ቀስ እያሉ በቆመበት ማዞር ይጠቅማል፤ የዘንጉ ጫፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር ረብሻው ድንገት የሚያዘቅዝቅበት ቦታ ይገኛል፣ ጣቢያውም ከዚያ አቅጣጫ ካልመጣ እንደነበረ ይሰማል።